ያልሆነውን ቆጥሮ የሆነውን ማወቅ



የሒሳብ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን “ይህ የተማሪዎች ጉዳይ ነው” ብለን ገጹን ገልብጠን እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ ግን ከአንዲት አነስተኛ የሒሳብ ደንብ ጋር ጥቂት ጊዜ እንድትቆዩ እንጠይቃችኋለን። ደንቧ ታሪክ ያላት ናት። ከታሪኳም በላይ ዛሬ በየቤታችን፣ በየመንገዱና በልጆቻችን ስልክ ውስጥ ከሚሆነው ነገር ጋር በቀጥታ ትገናኛለች።

ደንቧ እንዲህ ትላለች። አንድ ነገር ወይ ይሆናል፣ ወይ አይሆንም፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ስለዚህ የመሆኑ ዕድልና ያለመሆኑ ዕድል ሲደመሩ ምንጊዜም አንድ ሙሉ ይሆናሉ። እንግዲያውስ የመሆኑን ዕድል ማስላት ሲያስቸግር፣ ያለመሆኑን አስልተን ከአንድ ብንቀንስ የፈለግነውን እናገኛለን። በትምህርት ቤት የይሆናልነት ስሌት ውስጥ ይህ የማሟያ ደንብ ይባላል። በተለይ “ቢያንስ አንድ ጊዜ” የሚል ቃል ባለበት ጥያቄ ሁሉ መፍቻው ይኸው ነው።

ነገሩ ሲሰሙት ሕፃን የሚያውቀው ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህን ባለማስተዋል ስንት ብልህ ሰው እንደተሳሳተ፣ ዛሬም ስንቱ ገንዘቡንና ሕይወቱን እንደሚያጣ ቀጥለን እንመለከታለን።

ከፈራኢድ የምናውቀው መንገድ

መድረሳ ገብቶ የውርስ ሕግን ማለትም ፈራኢድን የቀራ ሰው ለዚህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ ለወራሾች ድርሻቸውን በክፍልፋይ ደንግጓል። ድርሻ የተወሰነላቸው ከወሰዱ በኋላ የሚተርፈው ለቅርቡ ወንድ ዘመድ እንደሚሰጥም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ይህ ወራሽ “ዐሰባ” ይባላል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ አንዲት ሴት ልጁንና አንድ የእናት የአባቱን ልጅ ወንድሙን ትቶ ሞተ እንበል። ልጅ ስላለው ለሚስቲቱ 1/8፣ ለእናቲቱ 1/6፣ ለልጂቱ 1/2 ይደርሳቸዋል። ንብረቱን በ24 ብንከፍለው ሚስት 3፣ እናት 4፣ ልጅ 12 ትወስዳለች። ድምሩ 19 ነው። የወንድምየውን ድርሻ ማንም ለብቻው አስልቶ አላመጣውም። ከ24 ላይ 19 ሲነሳ 5 ቀረ፤ 5/24 የእርሱ ሆነ። ሙሉው ይታወቃል፣ የሌሎቹ ድርሻ ይታወቃል፣ የቀረው በመቀነስ ይታወቃል። የማሟያ ደንብም አካሄዱ ይኸው ነው። ልዩነቱ በዚያ የሚከፈለው ንብረት ሲሆን በዚህ የሚከፈለው ዕድል መሆኑ ነው።

የፈራኢድ ስሌት ለሒሳብ ዕውቀት ማደግ ምን ያህል ምክንያት እንደሆነ ለማወቅ የአል-ኸዋሪዝሚን የአልጀብራ መጽሐፍ ማሰብ ይበቃል። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833) የተጻፈው ይህ መጽሐፍ ሰፊ ክፍሉን የሰጠው ለኑዛዜና ለውርስ ጥያቄዎች ነው።

ሙሉውን የቆጠሩት ዑለማዎች

ያልሆነውን ከሙሉው ላይ ለመቀነስ በቅድሚያ ሙሉው ስንት እንደሆነ መቁጠር ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ከሙስሊም ዑለማዎች መካከል ቀደምት የሆነው የበስራው የቋንቋ ሊቅ አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ አል-ፈራሂዲ ነው። እርሱ በ2ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን “ኪታቡል ዐይን” የተባለውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ያሰናዳ ሰው ነው።

አል-ኸሊል ቃላትን እንደሰማ እየመዘገበ አልሄደም። 28ቱ የዐረብኛ ፊደላት ሳይደጋገሙ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት፣ አምስት አምስት ሆነው ሲገጣጠሙ ስንት ስር ቃል ሊወጣ እንደሚችል አሰላ። ባለ ሁለት ፊደሉ 756፣ ባለ ሦስቱ 19,656፣ ባለ አራቱ 491,400፣ ባለ አምስቱ 11,793,600 ይሆናል። ድምሩ 12,305,412 ነው። ከዚያም ይህን ሁሉ በሁለት ከፈለው፤ ዐረቦች የሚጠቀሙበትን “ሙስተዕመል”፣ የማይጠቀሙበትን “ሙህመል” አለው። ሁለቱ ሲደመሩ ሙሉውን ይሰጣሉ። አንዱን ያወቀ ሌላውን አወቀ ማለት ነው።

ከእርሱ በኋላ በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል-ኪንዲ ምስጢራዊ ጽሑፎችን ለመፍታት በአንድ ቋንቋ ውስጥ የትኛው ፊደል አዘውትሮ፣ የትኛው አልፎ አልፎ እንደሚመጣ መቁጠርን አስተማረ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመራኪሹ ኢብን ሙንዒም ከአሥር ዓይነት ቀለም ያለው የሐር ክር ስንት ዓይነት ዘርፍ ሊሠራ እንደሚችል ቆጠረ።

እነዚህ ሰዎች የቆጠሩት የሚቻለውን ሁሉ ነው። ከሚቻለው ውስጥ የትኛው ምን ያህል ተስፋ እንዳለው ወደመለካት የሄደው መንገድ ግን የተከፈተው በሌላ አገር፣ በሌላ ሰበብ ነው። ሰበቡም ቁማር ነበር።

የቁማርተኛው ጥያቄ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጂሮላሞ ካርዳኖ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ነበር። ራሱም ቁማርተኛ ስለነበር ስለ ዳይስ ጨዋታ ስሌት መጽሐፍ ጻፈ። ዳይስ ማለት ስድስት ፊት ያለው፣ በየፊቱ ከ1 እስከ 6 ነጥብ የተደረገበት የቁማር ጠጠር ነው። ካርዳኖ በ1576 ሞተ፤ መጽሐፉ ግን የታተመው ከ87 ዓመት በኋላ በ1663 ነው። በመሆኑም ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣው ሌላ ሰው ሆነ።

ይህ ሰው ፈረንሳዊው አንትዋን ጎምቦ ሲሆን፣ በታሪክ የሚታወቀው ሸቫሊዬ ደ ሜሬ በሚለው ስሙ ነው። በፓሪስ መኳንንት ዘንድ ሁለት ዓይነት ውርርድ ነበር። አንደኛው፣ አንድ ጠጠር አራት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 ይወጣል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ጠጠሮች በአንድነት 24 ጊዜ ሲወረወሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁለቱም 6 ይሆናሉ የሚል ነው።

ደ ሜሬ እንዲህ ብሎ አሰበ። በአንድ ጠጠር 6 አማራጭ አለ፣ 4 ውርወራ ይበቃል። በሁለት ጠጠር 36 አማራጭ አለ። 4 ለ6 እንደሆነ ሁሉ 24 ለ36 ነው። ስለዚህ ሁለቱ ውርርዶች እኩል ጥሩ መሆን አለባቸው። ስሌቱ ግን ይህን አላረጋገጠለትም፤ የመጀመሪያው ለሚወራረደው ሰው የሚያደላ ሲሆን ሁለተኛው በእርሱ ላይ የሚያደላ ሆነ። ደ ሜሬ በዚህ እጅግ ተቆጣ፤ ሒሳብ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ መሰለው።

ጥያቄውን ይዞ የሄደው ወደ ብሌዝ ፓስካል ነው። ፓስካል ገና በወጣትነቱ የመደመሪያና የመቀነሻ መኪና የሠራ ሊቅ ነበር። እርሱም በቱሉዝ ከተማ የሕግ ሰው ሆኖ ይሠራ ከነበረው ከፒዬር ደ ፌርማ ጋር በ1654 ስለ ቁማር ጥያቄዎች ደብዳቤ ተጻጻፈ። ሐምሌ 29 ቀን 1654 (እ.ኤ.አ.) በጻፈው ደብዳቤ ላይ የደ ሜሬን ግራ መጋባት አንስቶ፣ በመጀመሪያው ውርርድ የማሸነፍና የመሸነፍ ንጽጽር 671 ለ625 መሆኑን ገለጸ።

አንባቢያን፣ 625 ከየት መጣ? አንድ ጠጠር አራት ጊዜ ሲወረወር ሊሆን የሚችለው ሁሉ 6 በ6 በ6 በ6፣ ማለትም 1,296 ነው። ከእነዚህ መካከል 6 አንድም ጊዜ የማይወጣባቸው 5 በ5 በ5 በ5፣ ማለትም 625 ናቸው። ከ1,296 ላይ 625 ሲቀነስ 671 ይቀራል። ይኸው ነው። 6 አንድ ጊዜ ብቻ የወጣባቸውን፣ ሁለት ጊዜ የወጣባቸውን፣ ሦስት ጊዜ የወጣባቸውን፣ አራት ጊዜም የወጣባቸውን ለየብቻ መቁጠር አላስፈለገም። ያልሆነው ተቆጠረ፣ የሆነው ታወቀ። 671/1296 ከመቶ 51.8 ያህል ነው፤ ከግማሽ ጥቂት ይበልጣል።

ሁለተኛውም በዚሁ መንገድ ይፈታል። በአንድ ውርወራ ሁለቱም 6 የማይሆኑበት ዕድል 35/36 ነው። ይህ 24 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.5086 ያህል ይሰጣል። ከ1 ላይ ሲቀነስ 0.4914 ይቀራል፤ ከግማሽ ያንሳል። ውርወራው 25 ቢሆን ግን 0.5055 ይደርስና ከግማሽ ያልፋል።

ብዙ መጻሕፍት ደ ሜሬ ይህን ያወቀው በቁማር ጠረጴዛ ላይ ገንዘቡን እያጣ እንደሆነ ይተርካሉ። ነገር ግን ልዩነቱን አስቡት። በሺህ ጨዋታ በአማካይ 491 አሸንፎ 509 የሚሸነፍ ሰው ከ500 ለ500 ጋር ያለውን ልዩነት በዓይኑ ሊያይ አይችልም፤ የዕለት ዕለቱ መውጣትና መውረድ ይሸፍንበታል። ይህ ነጥብ ለኋላ ይጠቅመናልና ያዙት።

መደመር ለምን አሳሳተ?

የደ ሜሬ አካሄድ መነሻው ብዙ ሰው ዛሬም የሚሳሳተው ስሕተት ነው። “በአንድ ውርወራ ዕድሉ 1/6 ከሆነ፣ በአራት ውርወራ 4/6 ይሆናል” ብሎ መደመር ነው። ይህ እውነት ቢሆን በስድስት ውርወራ 6/6፣ ማለትም እርግጠኛ ይሆን ነበር። በሰባት ውርወራ ደግሞ 7/6 ሊሆን ነው፤ ከእርግጠኛም በላይ እርግጠኛ! ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። እውነቱ ሲሰላ በስድስት ውርወራ ቢያንስ አንድ 6 የማግኘት ዕድል ከመቶ 66.5 ያህል ነው። ስድስት ጊዜ ከሚወረውሩ ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው።

ስሕተቱ የት እንደሆነ በሁለት ውርወራ እንየው። የሚቻለው ሁሉ 36 ነው። በመጀመሪያው 6 የሚወጣባቸው 6፣ በሁለተኛው 6 የሚወጣባቸው 6 ናቸው። ብንደምራቸው 12 ይሆናሉ። ነገር ግን ሁለቱም 6 የሆኑበት አንዱ ጉዳይ በዚህም በዚያም ተቆጥሯል። ስለዚህ ትክክለኛው 11 ነው። በማሟያው መንገድ ሄደን ቢሆን ኖሮ 6 የሌለባቸው 5 በ5፣ ማለትም 25 ናቸው፤ ከ36 ላይ 25 ሲቀነስ 11። ሁለቴ የመቁጠር አደጋ ጨርሶ አይገጥመንም።

ከፓስካልና ከፌርማ በኋላ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ በ1655 ወደ ፓሪስ ሄዶ ስለነዚህ ጥያቄዎች ሰማ። በ1657 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ውስጥ የደ ሜሬን ሁለቱንም ጥያቄዎች አካትቶ፣ 24 ውርወራ እንደሚያንስና 25 እንደሚበልጥ አሳየ። ይህ በዘርፉ የታተመ የመጀመሪያው የመማሪያ ጽሑፍ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው አብርሃም ደ ሟቭር ነው። እርሱ በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰድዶ ለንደን የገባ፣ የሰው ልጆችን በግል እያስተማረና በቡና ቤት እየተቀመጠ ለጠያቂዎች እያሰላ የሚኖር ድሃ መምህር ነበር። በ1718 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ጉዳይ ቀላል መለኪያ ሰጠ። የአንድ ነገር ዕድል “ከይህን ያህል አንድ” ከሆነ፣ ያንን ቁጥር በ0.7 ብናበዛው ነገሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመሆኑ ዕድል ወደ ግማሽ የሚደርስበትን የሙከራ ብዛት በግምት እናገኛለን። 36 በ0.7 ሲባዛ 25.2 ነው። ደ ሜሬን ያስቆጣው 25 በዚህ ወጣ።

ከቁማር ጠረጴዛ ወደ ሐኪም ቤት

ዕውቀት ከየትም ቢነሳ አላህ ወደ ጥቅም የሚመልሰው ሰው ያስነሳለታል። በ1943 አሜሪካዊው ሮበርት ዶርፍማን አንድ ሐሳብ አቀረበ። በዚያን ጊዜ ለጦር ሠራዊት የሚመለመሉ ወጣቶች የቂጥኝ በሽታ እንዳለባቸው ለማወቅ የእያንዳንዳቸው ደም ይመረመር ነበር። ዶርፍማን የብዙዎችን ደም ጥቂት ጥቂት ቀላቅሎ በአንድ ጊዜ መመርመር ይቻላል አለ። ቅልቅሉ ንጹሕ ከሆነ ሁሉም ነፃ ናቸው። በሽታ ከተገኘበት ብቻ እያንዳንዳቸው ይመረመራሉ።

ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? እዚህ ላይ ደንባችን ትመጣለች። ከመቶ ሰው አንዱ በሽታው አለበት፤ አሥር አሥር ሰው እናቀላቅላለን እንበል። አሥሩም ነፃ የመሆናቸው ዕድል 0.99 አሥር ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.904 ያህል ነው። ቢያንስ አንዱ በሽተኛ የመሆኑ ዕድል ከ1 ላይ 0.904 ሲቀነስ 0.096 ነው። 1,000 ሰው ቢኖር 100 ቡድን ይሆናል። 90 ያህሉ ቡድን በአንድ ምርመራ ይሰናበታል። በቀሩት አሥር ገደማ ቡድኖች ያሉ ሰዎች ብቻ አንድ በአንድ ይታያሉ። በጠቅላላ 1,000 የነበረው ምርመራ ወደ 200 ገደማ ይወርዳል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የምርመራ ዕቃ ያጠራቸው አገሮች፣ በአህጉራችንም ጋናና ሩዋንዳ፣ በዚሁ የማቀላቀል ዘዴ ተጠቅመዋል።

ትንሽ አደጋ ሲደጋገም

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሰው “አደጋው ትንሽ ነው” እያለ የሚደጋግመው ነገር ብዙ ነው። አንድ ሾፌር በየቀኑ ከፊቱ የማይታይ ኩርባ ላይ ደርቦ ያልፋል እንበል። ለምሳሌ ያህል የመጋጨቱ ዕድል በእያንዳንዱ ጊዜ ከ1,000 አንድ ቢሆን፣ ዛሬ ቢመክሩት “ስንት ዓመት ነዳሁ፣ ምን ሆንኩ?” ይላል። በደ ሟቭር መለኪያ ግን 1,000 በ0.7 ሲባዛ 700 ነው። በየቀኑ አንዴ ብቻ ይህን ቢያደርግ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጋጨቱ ዕድል ግማሽ ይደርሳል። ከኋላው የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ይህን ስሌት አያውቁትም።

“ታዲያ ሁሉም በአላህ ቀደር አይደለምን?” የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎን፣ ነው። ስለ ዕድል ማስላት ቀደርን መካድ አይደለም። የተጻፈውን እኛ ስለማናውቅ፣ ባለማወቃችን ውስጥ ጥንቃቄያችንን የምንመዝንበት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ላለው ሰው አስቀድሞ እንዲያስር እንደነገሩት የሚታወቅ ነው። ማሰር ከመመካት ጋር አይጋጭም።

“አንዷ ጨዋታ አበላሸችብኝ”

ከሁሉ በላይ ወላጆች እንዲያነቡልን የምንፈልገው ይህን ክፍል ነው። የስፖርት ውርርድ የሚባለው ነገር በብዙ ወጣቶች እጅ ገብቷል። ቤት ድረስ መሄድም አላስፈለገም፤ ስልክ ይበቃል። ወጣቱ የስምንት ጨዋታ ውጤት ይገምታል፤ ስምንቱም ከተሳካለት ጥቂቷ ብር ብዙ ትሆናለች። ሲሸነፍ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ “ሰባቱ ገብተውልኝ አንዷ ጨዋታ አበላሸችብኝ” ይላል። ለጥቂት የቀረበት ስለሚመስለው በነጋታው ይመለሳል።

በደንባችን እንመዝነው። ልጁ ኳስ አዋቂ ነው እንበል። እያንዳንዱን ጨዋታ ከመቶ 70 ጊዜ በትክክል ይገምታል እንበል፤ ይህ እጅግ የተጋነነ ችሎታ ነው። ሁለቱም የሚሳኩበት 0.7 በ0.7፣ ማለትም 0.49 ነው። አራቱ የሚሳኩበት 0.49 በ0.49፣ ማለትም 0.24 ያህል ነው። ስምንቱ የሚሳኩበት 0.24 በ0.24፣ ማለትም 0.058 ያህል ነው። ከ1 ላይ ሲቀነስ 0.942 ይቀራል። ይህ ቢያንስ አንዷ ጨዋታ የምታበላሽበት ዕድል ነው። ከመቶ ትኬቱ 94ቱ ይቃጠላሉ። እንግዲህ “አንዷ ጨዋታ” ድንገት የመጣች ክፉ ዕድል አይደለችም። ትኬቱ ሲቆረጥ ጀምሮ ውስጡ የተቀመጠች ናት። የውርርድ ድርጅቱ የሚያተርፈው በእርሷ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ወጣቱ “አሥር ጊዜ ተሸንፌአለሁ፣ አሁን ተራዬ ደርሷል” ይላል። ጠጠሩ ትዝታ የለውም። አራት ጊዜ 6 ያልወጣለት ሰው በአምስተኛው ውርወራ ያለው ዕድል ያው 1/6 ነው። ማሟያው የሚሠራው ሙከራዎቹ ሳይጀመሩ ስለ ሁሉም በአንድነት ሲጠየቅ እንጂ፣ ያለፈውን ኪሣራ ለማስመለስ አይደለም።

ይሁንና እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ለልጁ “ቁማር ሐራም የሆነው ስለሚያከስር ነው” ብሎ ብቻ ያስተምራል። ይህ በቂ አይደለም። ከላይ እንዳየነው የደ ሜሬ የመጀመሪያ ውርርድ የሚያከስር አልነበረም፤ 671 ለ625 ለተወራራጁ የሚያደላ ነበር። ልጁ ነገ “እኔ የሚያዋጣውን አግኝቻለሁ” ቢለን ምን እንመልስለታለን? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ መይሲርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አያይዞ ሲከለክል፣ በሰዎች መካከል ጠላትነትንና ጥላቻን እንደሚያመጣ፣ ከዚክርና ከሶላት እንደሚያግድ አስታውቋል። አሸናፊውም ተሸናፊውም በዚህ ውስጥ ናቸው። የአሸናፊው ገንዘብ ያለ ሥራና ያለ ንግድ ከወንድሙ ኪስ የወጣ ነው። ሒሳቡ የሚያሳየው የተሸናፊውን ሞኝነት ነው፤ የአሸናፊውን ጥፋት የሚያሳየን ግን ዲናችን ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም ሊያውቁ ይገባል።

የደ ሜሬን ልዩነት በዓይን ማየት አይቻልም ያልነውንም አስታውሱ። ከሺህ ጨዋታ ዘጠኝ ብቻ ነበር። ድርጅት ግን አንድ ሰው አይደለም፤ በሺህና በመቶ ሺህ ትኬት ላይ ስለሚቆጥር በዓይን የማይታየው ለእርሱ ይታየዋል። ወጣቱ በአሥር ትኬት ተስፋ ያደርጋል፤ ድርጅቱ በመቶ ሺህ ትኬት እርግጠኛ ይሆናል።

ከልጆች ጋር የሚሠሩ ሦስት ጥያቄዎች

በመጨረሻም ማታ ከኢሻ በኋላ ከልጆቻችሁ ጋር የምትሞክሯቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዘዴው አንድ ነው፤ “ቢያንስ አንድ” የሚለውን ስትሰሙ “አንድም የሌለበት” ብላችሁ ጀምሩ።

አንደኛ፣ አንድ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ቢጣል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? ሦስቱም ጎፈር የሚሆኑበት 1/2 በ1/2 በ1/2፣ ማለትም 1/8 ነው። መልሱ 7/8 ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቦርሳ ውስጥ 10 እስክሪብቶ አለ፤ 3ቱ አይጽፉም። ሳያዩ ሁለት ቢያወጡ ቢያንስ አንዱ የማይጽፍ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ሁለቱም የሚጽፉበት 7/10 በ6/9 ነው፤ አንዱ ከወጣ በኋላ የቀረው 9 ስለሆነና ከሚጽፉት 6 ስለሚቀሩ ነው። ይህ 42/90 ነው። መልሱ 48/90፣ ማለትም 8/15 ነው። የመጀመሪያው መውጣት ሁለተኛውን ስለሚለውጥ፣ ያው ክፍልፋይ ሁለት ጊዜ እንደማይባዛ ለልጆቹ አስረዷቸው።

ሦስተኛ፣ አንድ ጠጠር ሦስት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? 6 የሌለባቸው 5 በ5 በ5፣ ማለትም 125 ናቸው። ሙሉው 216 ነው። መልሱ 91/216 ነው። “ሦስት የስድስት ግማሽ ስለሆነ ዕድሉም ግማሽ ነው” የሚል ልጅ ካለ አትቆጡት፤ በታሪክ ውስጥ ብዙ ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ብለዋል። ወረቀት ሰጥታችሁ የሌለበትን እንዲቆጥር አድርጉት።

ሦስቱን ከጨረሱ በኋላ አራተኛውን፣ የስምንቱን ጨዋታ ትኬት፣ ስልክ የያዘው ታላቅ ልጃችሁ ራሱ ለታናናሾቹ እንዲያሰላላቸው ስጡት። እናንተ ከምትነግሩት ይልቅ እርሱ ራሱ 94 ላይ ቢደርስ ይሻላል።

አላህ ከሚጠቅም ዕውቀት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።